ከተጣለ የስልክ ባትሪ ኮባልት ማውጣት፦ የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ጥቅምት 2017፦ መሰብሰብና መለየት

የምፈልገው ኮባልት የሚባለው ብረት ነው። በምሠራበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የኮባልት ክሎራይዱ ጠርሙስ ባዶውን ከተቀመጠ ቆይቷል። በኮባልት ክሎራይድ የተነከረ ሰማያዊ ወረቀት ውሃ ሲነካው ሮዝ እንደሚሆን ተማሪው በመጽሐፍ ያነበዋል እንጂ በዓይኑ አያየውም። ኮባልቱ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። የስልክ ጥገና ሱቆች ጥግ ላይ በካርቶን ተጠራቅሞ ቆሻሻ የሚወስደውን ጋሪ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ መድረሻው እሳት ወይም ቦይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በገጠር ብዙ ሰው የሚይዘው የቁልፍ ስልክ ባትሪ፣ ቢኤል-5ሲ፣ 1020 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቱ ከ20 ግራም ትንሽ ያልፋል። የካቶዱ፣ ማለትም የፖዘቲቩ ጫፍ፣ ዱቄት ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ነው፤ አንድ ግራሙ 140 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ባትሪ ውስጥ 7 ግራም ያህል ዱቄት አለ። ከዱቄቱ 60 በመቶው ኮባልት፣ 7 በመቶው ሊቲየም ስለሆነ 4 ግራም ኮባልትና ግማሽ ግራም ሊቲየም ይደርሰናል። በዓለም ከሚወጣው የማዕድን ኮባልት ከሦስት እጅ ሁለት እጅ በላይ የሚመጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ከዚያ ተቆፍሮ፣ ባሕር ተሻግሮ ጎጃም ድረስ የመጣን ብረት በቆሻሻ ክምር ላይ ማቃጠል ያንገበግበኛል።

ሱቆቹ የሚሰጡኝ ሁሉንም ደባልቀው ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። የስልክ ባትሪዎች ለዚህ ሥራ ይሆናሉ። ከላፕቶፕና ከፓወር ባንክ የሚወጡት 18650 የሚባሉት ድብልብሎች (18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት) ኒኬልና ማንጋኒዝም ሊኖራቸው ስለሚችል ለብቻ ተቀምጠዋል። ከፀሐይ መብራት የወጡትና 3.2 ቮልት የተጻፈባቸው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ናቸው፤ ኮባልትም ኒኬልም የላቸውም። ከስልኩ ጋር ከተቀላቀሉ ዱቄቱን ሁሉ በብረትና በፎስፌት ያበላሹታል። ኒኬል ካድሚየም የተጻፈበትን ፈጽሞ አልከፍትም፤ ካድሚየም መርዝ ነው። የመኪና ባትሪም አይነካም፤ እርሳስ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ጥንቃቄ ነው።

ያበጡት አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባሉ። አንዲት የጥገና ሱቅ ባለቤት «ወንድሜ፣ እኔው እየለየሁ ላስቀምጥልህ፤ አሸዋውን ብቻ አምጣልኝ» ስላለችኝ ከዚያ ወዲህ የእሷ ካርቶን ከሁሉም ንጹሕ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ኃይሉን ማስጨረስ

ኃይል ያለው ባትሪ አይከፈትም። መጀመሪያ የሞከርኩት ብዙ ሰው የሚመክረውን የጨው ውሃ ነበር። በማግሥቱ ውሃው ዝገት መስሏል፤ መገናኛዎቹ ተበልተው ወድቀዋል፤ አንዳንዱ ቆርቆሮም ተበስቶ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መውጣት ጀምሯል። መገናኛው ከተበላ ደግሞ ኃይሉ መውጫ የለውም፤ ባትሪው እንደተሞላ ይቀራል። ውሃውም ራሱ የሚወገድ ቆሻሻ ሆነ። ይህ መንገድ ቀርቷል።

ቀጥሎ ባለ 10 ኦም፣ ባለ 5 ዋት የሴራሚክ ሬዚስተር ከድሮ ቴሌቪዥን ነቅዬ በባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ አሰርኩ። ወደ 0.37 አምፒር ይስባል፤ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። እዚህ ላይ ማንም ይህን የሚሞክር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የስልክ ባትሪ አናቱ ላይ ትንሽ የመከላከያ ቦርድ አለችው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ መስመሩን ትቆርጣለች። ቦርዷ ራሷ ከተበላሸችም መስመሩ ተቆርጦ ይቀራል። መልቲሜትሩን በውጪው መገናኛ ላይ ሲያስቀምጡት ዜሮ ያነባል፤ ባትሪው የሞተ ይመስላል። የፕላስቲክ ክዳኑ ተነሥቶ ከቦርዷ ሥር ያለው ጫፍ ሲለካ ግን 3.9 ቮልት ያነበበ አጋጥሞኛል። ያን ባትሪ በውጪው ንባብ አምኖ በመቀስ መቁረጥ እሳት መጫር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ሆነ፦ ክዳኑን አንሣ፣ ቦርዷን ንቀል፣ ሬዚስተሩን ከሴሉ ጋር በቀጥታ አገናኝ፣ አሳድር፣ ለካ። ሬዚስተሩ ሲነሣ ቮልቴጁ ትንሽ ስለሚያንሠራራ እንደገና ታስሮ ያድራል። ከ0.5 ቮልት በታች ሲረጋ ብቻ ወደ መክፈቻው ያልፋል።

የተነቀሉት ቦርዶች ለጥገና ሱቆቹ ተመለሱ፤ ለእነሱ መለዋወጫ ነው።

ኅዳር፦ መክፈት

ቦታው ጓሮ፣ ነፋሱ ከጀርባ፣ ጎማ ጓንትና የዓይን መነጽር። መሣሪያው የቆርቆሮ መቀስና ፒንሳ ነው። ቆርቆሮው ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ በፒንሳ ይገለበጣል። ጣፈጥ ያለ የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ ይወጣል፤ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው የኤሌክትሮላይት ፈሳሽ ነው። በውስጡ ያለው የፍሎሪን ጨው ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስለሚሰጥ በባዶ እጅ አይነካም፤ ወደ ቤትም አይገባም። ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን መሥራት አይገባም።

ውስጡ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ነው፦ ጥቁር የተቀባ መዳብ፣ ነጭ ስስ ፕላስቲክ፣ ጥቁር የተቀባ አሉሚኒየም። ጥቅሉ ሲፈታ የማየው የመዳቡን ገጽ ነው። መዳቡ ላይ የተቀባው ካርቦን፣ ግራፋይቱ፣ ኃይሉ ባለቀ ባትሪ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። ሊቲየም የሞላው ግራፋይት ግን ወርቃማ ይሆናል፤ ግማሽ የሞላው ወደ ቀይ ያደላል። አንድ ጊዜ ጥቅሉ ሲከፈት ከዳር ያለው ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ የጣት ስፋት ያለው ወርቃማ መስመር አየሁ። በእርጅና ብዛት ያ ቦታ ከሌላው ተነጥሎ ኃይሉን እንደያዘ ቀርቷል። ሳልነካካው ደረቅ አሸዋ ላይ ዘርግቼ ራቅሁ። ትንሽ ጨሰ፤ ሞቀ፤ ከዚያ ግራጫ ሆነ። ከዚህ በኋላ የተፈታ ጥቅል ሁሉ ለአንድ ቀን አሸዋ ላይ ሳይሰጣ ወደ ውሃ አይገባም።

መዳቡ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲታሽ ግራፋይቱ ይለቃል፤ ንጹሕ ቀይ መዳብ ይቀራል። ግራፋይቱ ደርቆ ተቀመጠ፤ በኋላ ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙ ላይ ያለው የካቶድ ዱቄት ግን በፍሎሪን ፕላስቲክ ማጣበቂያ ስለተያዘ ውሃ አያስለቅቀውም። በቢላዋ መፋቅ አዝጋሚ ከመሆኑም በላይ ያቦናል፤ የኮባልት ብናኝ ደግሞ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። ስለዚህ ስሱን አሉሚኒየም ራሱን በኮስቲክ ሶዳ አሟሟሁት። አሉሚኒየሙ እየፈላ ይሟሟል፤ ጥቁሩ ዱቄት ታች ይዘቅጣል። 40 ግራም አሉሚኒየም ቢያንስ 60 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበላል፤ ከ50 ሊትር የሚበልጥ ሃይድሮጅንም ያወጣል። በትንሽ በትንሹ፣ በሰፊ ባልዲ፣ እሳት በሌለበት መሆን አለበት።

ከአንድ ኪሎ ባትሪ ያገኘሁት፦ 310 ግራም የካቶድ ዱቄት፣ 90 ግራም ገደማ መዳብ፣ 150 ግራም ያህል ግራፋይት፤ ቀሪው የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክና የተነነ ፈሳሽ ነው።

ታኅሣሥ፦ የሲትሪክ አሲድ መንገድ

ከሰልፈሪክ አሲድ ይልቅ ሲትሪክ አሲድን የመረጥኩት ለምግብ ሥራ ስለሚሸጥና ለእጅም ለአየርም ስለሚሻል ነው። የታወቀው አሠራር በአንድ ሊትር 240 ግራም አሲድ፣ 20 ግራም ዱቄት፣ ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በ90 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ለእኔ ጠቀመኝ። ብርጭቆውን በሚፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ የሙቀት መቆጣጠሪያ አያስፈልግም።

ያለ ፐርኦክሳይድ ዱቄቱ እንደ ጥቁርነቱ ይቆያል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ኮባልት ባለ ሦስት ቻርጅ ነው፤ ወደ ባለ ሁለት ካልወረደ በቀላሉ አይሟሟም። ከፋርማሲ የገዛሁት 3 በመቶ ነው፤ ለ20 ግራም ዱቄት ቢያንስ 115 ሚሊሊትር ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታሰብ ግን እጥፉን አደረግሁት። በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ይገነፍላል። በጠብታ ሲገባ ፈሳሹ ከጥቁር ግራጫ ወደ ጥልቅ ሮዝ ሲዞር ማየት ያስደስታል። ፐርኦክሳይዱን በስኳር ለመተካትም ሞክሬ ነበር፤ ስኳር ኮባልቱን ማውረድ ይችላል፤ ነገር ግን ረጅም ሰዓት ፈጀ፤ ፈሳሹም ቡናማ ሆነ። የሎሚ ጭማቂም ተሞክሯል። ጭማቂ በሊትር ወደ 50 ግራም አሲድ ብቻ ስላለው ደካማ ነው፤ ሳይጣራ ካደረም ይሻግታል።

መንገዱን የዘጋው ግን ቀጣዩ ደረጃ ነው። ኮባልቱን ከሮዙ ፈሳሽ ለማውረድ ሶዳ ጨመርኩ፤ ጠብ አላለም። ሲትሬት ኮባልቱን አጥብቆ ስለያዘው ሶዳ ሊቀማው አይችልም። ኦክሳሊክ አሲድ ያወርደው ነበር፤ እዚህ ግን አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ወጪውም አላዋጣም፦ አንድ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በ600 ብር ገዝቼ የማሟሟው 80 ግራም ዱቄት ነው፤ 48 ግራም ኮባልት ማለት ነው። የአንድ ኪሎ ባትሪን ዱቄት ለመጨረስ ወደ 4 ኪሎ አሲድና ከ15 ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ኮባልት ያለበት ውሃ የት አደርሰዋለሁ? ከከተማችን የሚወርደው ውሃ ከጨሞጋ ወንዝ ጋር ዓባይ ይገባል፤ በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፤ ልብስ ይታጠብበታል። ሥራው ቆመ።

ጥር፦ ወደ ወናፍ

ውሃ የማያበዛ መንገድ አለ፤ ከሰል። ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ አየር በሌለበት ከካርቦን ጋር ሲግል ካርቦኑ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ኮባልቱ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሊቲየሙ ሊቲየም ካርቦኔት ይሆናል። ለ100 ግራም ዱቄት 9 ግራም ያህል ካርቦን በቂ ነው፤ ካርቦኑ ደግሞ ከዚያው ባትሪ የወጣው ግራፋይት ነው። በስሌት ከ100 ግራም ዱቄት 60 ግራም ኮባልትና 38 ግራም ሊቲየም ካርቦኔት ይገኛል። ኮባልት እንደ ብረት በማግኔት ይሳባል፤ ሊቲየም ካርቦኔት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ግራፋይት ሁለቱንም አይደለም። ሦስቱ ያለ አሲድ ይለያያሉ።

ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ምድጃውን ለግማሽ ቀን ቢያከራዩኝ» ስላቸው «ከሰሉን አንተ ካመጣህ ወናፉን እኔ አለሁልህ፤ ግን ምኑን ልታቀልጥ ነው ልጄ?» አሉ። ዱቄቱን አሳየኋቸው። ጭሱ እንደማይተነፈስ ነገርኳቸውና ምድጃውን ከዳሱ አውጥተን ሜዳ ላይ ተከልነው።

የመጀመሪያው መያዣ የሸክላ ገንቦ ነበር፤ በክዳን ተዘግቶ በጭቃ ተለሰነ። ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ አገኘነው። ስባሪውን ስገለብጠው ውስጡ በጥልቅ ሰማያዊ መስታወት ተለብጧል። ሊቲየም ካርቦኔት በ723 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ በኋላ የሸክላውን አሸዋ ይበላና መስታወት ይሆናል፤ ኮባልቱ ደግሞ መስታወቱን ሰማያዊ ቀለም ይሰጠዋል። ሸክላ ሠሪዎች በዓለም ዙሪያ ለዘመናት የተጠቀሙበት ሰማያዊ ይኸው ነው። ቀጥቃጩ ስባሪውን ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ለምነውኝም ወሰዱት። ለእኔ ግን ሊቲየሙም የኮባልቱ ከፊሉም ሸክላው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሸክላ ቀረ።

ሁለተኛው መያዣ የሁለት ኢንች ጥቁር የብረት ቧንቧ ነው፤ ዚንክ የተለበጠው የውሃ ቧንቧ ሲግል መርዛም ጭስ ስለሚያወጣ አይሆንም። አንዱ ጫፍ ተበይዷል፤ ሌላው በጥርስ የሚዘጋ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቷል። ያለ ቀዳዳ የተዘጋ ቧንቧ እሳት ላይ ቦምብ ነው። ውስጡ በግራፋይት ጭቃ ተቀብቶ ደረቀ። 100 ግራም ዱቄት ከ30 ግራም ግራፋይት ጋር ተጠቀጠቀ፤ ከላይ፣ ከቀዳዳው ሥር፣ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ኖራ ተደረገ። ከማጣበቂያው ፕላስቲክ የሚወጣውን የፍሎሪን ጋዝ ኖራ እንዲይዘው ነው። ኖራ ለጎጃም ችግር አይደለም፤ ከደጀን ቁልቁል የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ነው።

ቧንቧው ደማቅ ብርቱካናማ ሲሆን ቀዳዳው ላይ ሰማያዊ ነበልባል ቆመ፤ የሚቃጠለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀጥቃጩ «ቢጫ አታድርሰው፤ ቧንቧው ይቃጠልብሃል» እያሉ ወናፉን ያቀዘቅዙ ነበር፤ የእሳት ቀለም ማንበብ ከእኔ ቴርሞሜትር ይበልጣል። ነበልባሉ እስኪጠፋ ጠብቀን ከእሳት አወጣነው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አልተከፈተም፤ ትኩሱን ከተከፈተ አዲሱ ኮባልት እንደገና አየር ይበላል።

የካቲት፦ ማግኔትና ብረት

ከቧንቧው የወጣው ግራጫ ጓል በአሮጌ የብረት ሙቀጫ ተወቀጠ (ሙቀጫው ወደ ኩሽና አይመለስም)። መጀመሪያ በቀዝቃዛ የዝናብ ውሃ ታጠበ፤ ውሃው ለሊቲየም ተቀመጠ። ከዚያ ከድሮ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ተጠቅልሎ በውሃው ውስጥ ተዘዋወረ። ዱቄቱ ፌስታሉ ላይ ጢም ሆኖ ይቆማል፤ ወደ ሌላ ሳሕን ተወስዶ ማግኔቱ ከፌስታሉ ሲመዘዝ ይረግፋል። 49 ግራም ሆነ። ከተጠበቀው 60 ውስጥ የጎደለው ገና ብረት ያልሆነ ኦክሳይድ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም። ቀሪውን እንደገና ሳግለው ጥቂት ጨመረ።

ሁሉም ኮባልት አለመሆኑ የታወቀው በአሲድ ነው። ትንሽ ቆንጥሬ በትምህርት ቤቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሳሟሟው ሰማያዊ ሆነ፤ ውሃ ሲጨመርበት ወደ ሮዝ ዞረ፤ የኮባልት ጠባይ ነው። ነገር ግን ሮዙ ላይ ቢጫ ጥላ አለ። በጥቂት ፐርኦክሳይድ አክስጄ ጠንካራ ሻይ ጠብ ሳደርግበት ጠቆረ፤ ተራው ብረት (አይረን) አለበት ማለት ነው። ከቧንቧው ግድግዳ የሚረግፈው ቅርፊትም በማግኔት ይሳባል። መፍትሔው ፒኤች፣ የአሲድነት መለኪያው፣ ነው። ፐርኦክሳይድ የተጨመረበት ፈሳሽ በሶዳ ፒኤች 4 ላይ ሲደርስ ብረቱ የዝገት ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፤ ኮባልቱ ሮዝ ሆኖ ከላይ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ተጣራ። ከዚህ በኋላ ሻይ አላጠቆረውም። ለቀጣዩ የግራፋይቱን ልባስ ወፍራም አድርጌ ሁለቴ ቀባሁት፤ የብረቱ ጭቃ በግልጽ ቀነሰ።

ከጠራው ፈሳሽ የማጣሪያ ወረቀት ተነክሮ ምድጃ አጠገብ ደረቀ፤ ሰማያዊ ሆነ። የባዮሎጂ መምህሯ ወዲያው ወሰደችው። የባቄላ ቅጠል ላይና ታች በወረቀቱ ታሽጎ ሲታይ የታችኛው ቀድሞ ሮዝ ይሆናል፤ ውሃ የሚያወጡት ቀዳዳዎች በብዛት ያሉት ከሥር ስለሆነ። ተማሪዎቹ ወረቀቱን በመቆንጠጫ ብቻ ይይዛሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የኮባልት ብረትንና የሚሟሙ የኮባልት ጨዎችን ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ምድብ አስገብቷቸዋል። ጠርሙሱ ላይ ይህን በአማርኛ ጽፌ ለጥፌአለሁ።

መጋቢት፦ ሊቲየም፣ ውሃና ወጪ

ሊቲየም ካርቦኔት ከብዙ ጨው በተቃራኒ በቀዝቃዛ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፦ በ20 ዲግሪ በሊትር 13 ግራም፣ በሚፈላ ውሃ ወደ 7 ግራም። ስለዚህ ማጠቢያው ቀዝቃዛ፣ ማውረጃው ፍላት ነው። የታጠበው ውሃ ሲፈላና ሲቀንስ ነጭ ዱቄት ድስቱ ግድግዳ ላይ ያዘ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ኒክሮም ሽቦ አንሥቼ ነበልባል ላይ ሳስገባው የወጣው ቢጫ ነው፤ የኮስቲክ ሶዳው ሶዲየም የሊቲየሙን ቀይ ቀለም ሸፍኖታል። የሚቀጥለውን የካቶድ ዱቄት ከሶዳው በኋላ ውሃው ፒኤች ወረቀት እስከማይቀይር በዝናብ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። የዚያኛው ነጭ ዱቄት ነበልባሉን ደማቅ ቀይ አደረገው። ከ38 ግራም 21 አገኘሁ። የጠፋው ከፊሉ ከፍሎሪን ጋር ተጣምሮ በውሃ እምብዛም የማይሟሟ ሊቲየም ፍሎራይድ ሆኖ ቀርቷል ብዬ እገምታለሁ።

የቆሻሻው ውሃ አንድም ጠብታ ወደ ቦይ አልገባም። የኮስቲክ ሶዳው ፈሳሽ በኮምጣጤ ኃይሉ ተሰብሮ፣ የአሉሚኒየሙ ነጭ ጭቃ ተጣርቶ፣ ቀሪው ፕላስቲክ በተነጠፈበት ገበታ በበጋው ፀሐይ ደርቋል። የታኅሣሡ ሮዝ የሲትሬት ፈሳሽም እንዲሁ ደርቆ ለሚቀጥለው ማግለያ ይጨመራል፤ ሲትሬቱ እሳት ውስጥ ካርቦን ስለሚሆን ኮባልቱ አይባክንም።

ወጪ፦ ቧንቧና ብየዳ 850 ብር፣ ከሰል አንድ ጆንያ 900፣ ኮስቲክ ሶዳ 250፣ ፐርኦክሳይድና ፒኤች ወረቀት 400፣ ጓንትና መነጽር 500፣ ሳይጠቅም የቀረው ሲትሪክ አሲድ 600። መዳቡንና የአሉሚኒየም ቆርቆሮውን ቆራሌው ይገዛል፤ ከሰሉን ይሸፍናል። ኮባልትን ለሽያጭ ብሎ ይህን መጀመር አያዋጣም። በ2018 እ.ኤ.አ. ቶኑ ከ90,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ከዚያ ከሩብ በታች ወርዶ ኮንጎ በየካቲት ወደ ውጭ መላክ እስከማቆም ደርሳ ነበር። በዚያ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ባትሪ የማወጣው ኮባልት 4 ዶላር አይሞላም። ለአንድ ቤተ ሙከራ ግን የብዙ ዓመት ፍጆታ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ባትሪ ዱቄት የሚሠራው ኮባልት ክሎራይድ በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶችም ይተርፋል።

ቀጣዩ፦ የ18650ዎቹ ተራ ነው። እነዚህ ውስጥ ኒኬል ካለ ከኮባልቱ ጋር አብሮ በማግኔት ይወጣል፤ መለያ ያስፈልገዋል። ቆርቆሯቸው አሉሚኒየም ሳይሆን ብረት ስለሆነ በቆርቆሮ መቀስ አይቆረጡም፤ የቧንቧ መቁረጫ ተውሻለሁ። ከክረምቱ በፊት ገበታው ላይ የሚደርቀው ሁሉ እንዲያልቅ ማግለያው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ብቻ ይቀጥላል፤ ዝናብ ከገባ በኋላ መሰብሰብ፣ መለየትና ኃይል ማስጨረስ እንጂ መክፈት የለም።